ሰርቪስ፣ ኮንዶሚኒየም ወይስ አፓርታማ? አዲስ አበባ ላይ ቤት ከመከራየት በፊት የሚመዘነው

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚከራይ ሰው ቤቱን ቢበዛ ለሩብ ሰዓት ያየዋል። ደላላው በሩ ላይ ቆሞ «ሌላ ሰው እየመጣ ነው» ይላል። ተከራዩ የቀለሙን ንጣት፣ የሴራሚኩን አዲስነት፣ የክፍሉን ስፋት ያይና ቀብድ ይከፍላል። ከስድስት ወር በኋላ ሲያማርር ግን ስለ ሴራሚኩ አንድም ቃል አይናገርም። የሚያወራው ውሃ በአራት ቀን አንዴ መምጣቱን፣ የጠዋቱን የታክሲ ሰልፍ፣ አከራይዋ ማታ 3 ሰዓት ላይ የግቢውን በር መቆለፋቸውን ነው። ሰፈሩን የወደደ ሰውም የሚያነሳው ከግድግዳው ውጪ ያለውን ነው፦ ጎረቤቱን፣ እድሩን፣ ልጁ በእግሩ የሚሄድበትን ትምህርት ቤት፣ ቤተክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ቅርብ መሆኑን።

ስለዚህ እዚህ ላይ ቤቶቹ የሚወዳደሩት ነዋሪ ገብቶባቸው ከከረመ በኋላ በሚያመሰግንባቸውና በሚማረርባቸው ነገሮች ነው።

## በምን እንመዝን?

ውሃ። ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ይመጣል። «ውሃ አለ?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። የሚጠየቀው ፈረቃው የትኛው ቀን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣና እስከ ስንተኛ ፎቅ እንደሚወጣ ነው። ውሃ ለየ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል። በአምስት ደረጃ ኮንዶሚኒየም (ጂ ፕላስ 4) የ4ኛ ፎቅ ቧንቧ ከመሬት 13 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቀን ላይ ሁሉም ቧንቧውን ከፍቶ ግፊቱ ሲወርድ ውሃው 2ኛ ወይም 3ኛ ፎቅ ጋ ይቀራል። 4ኛ ፎቅ ያለ ሰው ሌሊት 8 ሰዓት ተነስቶ በርሜል የሚሞላው ለዚህ ነው፤ ያን ጊዜ ታች ያለው ተኝቷል።

ማጠራቀሚያውንም አስሉ። አንድ ሰው በቁጠባ በቀን 40 ሊትር ቢጠቀም አራት ሰው 160 ሊትር፣ ማለትም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስምንት ይፈጃል። ውሃ በአራት ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ ለሦስቱ ደረቅ ቀን 480 ሊትር ያስፈልጋል። ፈረቃው አንዴ ቢዘለል ደረቁ ቀን ሰባት ይሆናል፤ ያ ደግሞ 1,120 ሊትር ነው። ባለ 500 ሊትር ሮቶ ይበቃል የሚል ሰው የሚያለቅስበት ሳምንት ይሄኛው ነው። ክብደቱም አይዘንጋ፦ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው፣ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን። በረንዳ ላይ አይቀመጥም። ፎቅ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ባለ 200 ሊትር በርሜሎችን በተለያየ ቦታ፣ ግድግዳ አስጠግታችሁ አከፋፍሉ።

መንገድ። ርቀትን በኪሎሜትር አትለኩት፤ በታክሲ ቁጥር ለኩት። ሁለት ታክሲ ሄዶ ሁለት ታክሲ የሚመለስ ሰው በቀን 4 ጊዜ ይከፍላል፤ በ26 የሥራ ቀን 104 ጊዜ። ባልና ሚስት ከሆኑ 208። ይህን በታሪፉ አባዙና ኪራዩ ላይ ደምሩት። «ርካሽ ነው» የተባለው ዳር ያለ ቤት ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው ርካሽነቱ የሚያልቅ። ሰዓቱም አለ፦ በአንድ ጉዞ አንድ ሰዓት ብቻ ቢጨምር በወር 52 ሰዓት ነው፤ ከአንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት ይበልጣል።

መብራትና ማብሰያ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 እስከ 18 አምፔር ገደማ። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ላይ ከተሰካ፣ በተለይ ምድጃም አብሮ ከበራ፣ ይወርዳል። ሽቦው ቀጭን ከሆነ ደግሞ ብሬከሩን በትልቅ መቀየር መፍትሔ አይሆንም፤ ብሬከሩ ዝም ይልና ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ለምጣድ የተለየ መስመር መኖሩን ጠይቁ። ቆጣሪ የጋራ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ፦ የመብራት ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም የሚጨምርበት ነው። ለየብቻ ቢሆኑ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጁ አምስት ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ሲሰበሰቡ 300 ይሆኑና ሁሉም በውዱ ዋጋ ይከፍላሉ። የውሃ ታሪፍም እንደዚሁ ነው።

ነጻነት። በር የሚዘጋበት ሰዓት፣ እንግዳ ማሳደር፣ ልጅ መውለድ፣ እንጀራ መጋገር፣ ልብስ ማጠብ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሰውን ቤት የሚያስለቅቀው ብዙ ጊዜ ከኪራይ ጭማሪ እኩል ይህ ነው።

ሰው። ለቅሶ ቢገጥማችሁ ድንኳን የት ይተከላል? የትኛው እድር ይቀበላችኋል? ልጅ ከትምህርት ቤት ቀድሞ ቢመጣ ማን ጋ ይቆያል? ብቻውን የሚኖር ወንደላጤ እንኳ ሲታመም ይህ ጥያቄ ይመጣበታል።

## ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ

ከባለቤቱ ቤት ኋላ በመደዳ የተሠሩት ክፍሎች ናቸው። መሀል ከተማ ውስጥ ሆኖ አነስተኛ ኪራይ የሚገኘው በአብዛኛው እዚህ ነው። ነዋሪዎች የሚወዱት መሬት ላይ መሆኑን ነው፦ ልብስ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በርበሬ ይደለዛል፣ ለበዓል በግ ይታረዳል፣ ልጅ ደጅ ይጫወታል። ደግ አከራይ ከገጠመ ደግሞ ቡና ሲፈላ «ነይ እንጂ ልጄ» የሚል አለ፤ ለብቻዋ ከክፍለ ሀገር ለመጣች ወጣት ይህን ኮንዶሚኒየም አይሰጣትም።

የሚጠላውም ከዚያው ከቅርበቱ ይመጣል። አከራዩ የገባችሁበትንም የወጣችሁበትንም ሰዓት ያውቃሉ። ምጣድ ክልክል ነው፣ እንጀራ ከሱቅ ነው። ሽንት ቤቱ ለአምስት ቤት አንድ ነው፤ የጽዳት ተራው የጠብ ምንጭ ነው። የውሃ ክፍያ በሰው ቁጥር ስለሚካፈል እናት ለሁለት ሳምንት ጥየቃ ከመጣች «ሰው ጨምራችኋል» ይባላል። «ልጃችን ሊያገባ ነው፣ ቤቱን እንፈልገዋለን» የሚለው ማስታወቂያም የሚደርሰው ድንገት ነው።

ቤቱን ስታዩ ዓይናችሁን ወደ ታች አድርጉ። የግድግዳው የታችኛው 30 ሴንቲሜትር ቀለሙ ከተላላጠ፣ ወይም እዚያ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ እርጥበት ከመሬት እየሳበ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፍራሹ ከሥር ይሻግታል፣ ቁምሳጥን ውስጥ ያለ ጫማ ያረነጉዳል። ቀለም አያድነውም፤ መሠረቱ ላይ ውሃ የሚከለክል ነገር አልገባበትም። አልጋ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ማራቅ ሻጋታውን ይቀንሳል፣ አያጠፋውም።

አንድ ጥንቃቄ። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ባለቤቱ መንግሥት ነው፤ ከ1967ቱ አዋጅ ጀምሮ የተወረሰ ቤት ነው። የሚያከራያችሁ ሰው ራሱ ተከራይ ነው፤ ቤቱ በልማት ሲነሳ ምትክ የሚጠይቀው እሱ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

## መሀል ከተማ ያለ ኮንዶሚኒየም

ጎተራ፣ ልደታ፣ ባልደራስ፣ ገርጂ። የኮንዶሚኒየም ግንባታው ገና ሲጀመር ወይም ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የተሠሩ ሳይቶች ናቸው። ነዋሪ የሚወደው በሩን ከዘጋ በኋላ የሚጠይቀው አለመኖሩን፣ የራሱ ቆጣሪና የራሱ ሽንት ቤት መኖሩን ነው። ታክሲው ቅርብ ነው፤ ልደታ ያለ ሰው ባቡሩንም በእግሩ ያገኛል። የሳይት እድር አለ፤ ለለቅሶና ለበዓል እርድ የጋራ ቤቱ (ኮሙናሉ) አለ፣ ለመጋዘን ወይም ለሱቅ ካልተከራየ በቀር።

እነዚህ ሳይቶች ያረጁት በቧንቧቸው በኩል ነው። ከሁሉም ፎቅ የሚወርደው ፍሳሽ በአንድ ቁልቁል ቱቦ ይወርዳል። ማንሆሉ በቅባት ወይም በጨርቅ ሲደፈን ውሃው የሚመለሰው ዝቅተኛው ቀዳዳ ባለበት፣ ግራውንድ ያለ ሰው ሻወር ውስጥ ነው። ግራውንድ ቤት ስታዩ የሻወሩን ወለል ማፍሰሻ ክዳን አንሱና አሽትቱ፤ ዙሪያው ላይ ጥቁር የቅባት ቀለበት ካለ ተመልሶበት ያውቃል። 4ኛ ፎቅ ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር ነው፦ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ዝናብ ሲመታ ስልክ ማውራት አይቻልም። ኮርኒሱ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ እድፍ ካያችሁ ቆርቆሮው ያፈሳል። 1ኛና 2ኛ ፎቅ ተመራጭ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ ትንሽ ጨምሮ መክፈል ያዋጣል።

ድምፅ ሌላው ነው። ግድግዳው ባዶ ብሎኬት ነው፤ የላይኛው ጎረቤት በዘነዘና ሲወቅጥ ራሳችሁ ላይ ነው። ግራውንዱ ላይ ያሉት ሱቆች ወደ ግሮሰሪ ከተቀየሩ ዓርብ ሌሊት እንቅልፍ የለም። በቀን ቤት አይታችሁ አትወስኑ፤ ቅዳሜ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ እለፉበት።

## ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ። በተመሳሳይ ብር መሀል ላይ ስቱዲዮ የሚያገኝ ሰው እዚህ ባለ ሁለት መኝታ ሊያገኝ ይችላል። አየሩ ንጹሕ ነው፣ ሕፃናት የሚሮጡበት ሜዳ አለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ የገባ ስለሆነ ማኅበራዊ ኑሮው ከአዲስ ይጀምራል፤ እድሩም እቁቡም ለተከራይ ክፍት ነው። ይህን ሰው አሳንሶ ነው የሚያየው፤ ከመሀል ከተማ ተነስተው የገቡ እናቶች ሲያመሰግኑ የሚሰማው ግን ይህ ነው።

ወቀሳው መንገድና ውሃ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ያለው ሰልፍ ሁሉንም ይወስናል። ማታ ደግሞ ከመገናኛ ወይም ከሳሪስ የሚነሳው ታክሲ ከ2 ሰዓት በኋላ ይሳሳል፤ ያመለጠው በራይድ ሲመለስ የሳምንቱን ትራንስፖርት በአንድ ሌሊት ይጨርሳል። አንዳንድ ብሎኮች ዘግይተው ስለተሞሉ ከጨለማ በኋላ የመንገድ መብራት ከሌለበት ቦታ ተነስቶ መራመድ አለ። ሥራው እዚያው አቅጣጫ ለሆነ ሰው ግን ስሌቱ ይገለበጣል፦ ቂሊንጦ፣ ቃሊቲ፣ ዱከም የሚሠራ ሰው ቱሉ ዲምቱ ቢኖር መሀል ከተማ ድረስ መጓዝ የለበትም፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያም እዚያው ነው።

ብሎኩን ስትመርጡ የምታከራይዋን ሳይሆን የብሎኩን ጥበቃ ጠይቁ፣ «ውሃ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?» ብላችሁ። ኮሪደሩንም ተመልከቱ። በየበሩ ስድስትና ሰባት ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ ካያችሁ መልሱን አግኝታችኋል። ጀሪካን ተሸካሚዎች ዋጋቸውን በፎቅ ይጨምራሉ፤ 4ኛ ፎቅ የሚኖር ቤተሰብ ይህንንም ኪራይ ላይ ይደምር።

## አፓርታማ

ሊፍት፣ ጄኔሬተር፣ የውሃ ጉድጓድ ወይም ትልቅ ታንከር፣ የመኪና ማቆሚያ። የሚወደደው ውሃን ማሰብ ማቆም መቻሉ ነው፤ ለከተማው ሰው ይህ ራሱ ትልቅ እረፍት ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ወላጆች ላሉት ቤትም ከሊፍት የተሻለ ምክንያት የለም።

ማጣራት ያለባችሁ ሁለት ነገር አለ። ጄኔሬተሩ ምን ያበራል? ብዙ ሕንጻ ላይ ሊፍቱን፣ የውሃ ፓምፑንና ኮሪደሩን ብቻ ነው፤ ቤታችሁ ጨለማ ነው። ሁለተኛው የጋራ አገልግሎት ክፍያው ነው፤ ከኪራዩ ውጪ ነው ወይስ ውስጥ? ናፍጣ ሲወደድ እሱም ይጨምራል። ከሚጠሉት ነገሮች አንዱ ወጥ ቤቱ ነው። ክፍት ሆኖ ከሳሎን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወጥ ሲቁላላ ሶፋው ሽንኩርት ይሸታል፣ እንጀራ ሲጋገር እንፋሎቱ መስኮት ላይ ይወርዳል። ጎረቤትን ለወራት ሳያውቁ መኖርም አለ፤ ይህን የሚወድም ሰው አለ፣ የሚታመምበትም።

ከሰል አፓርታማም ሆነ ስቱዲዮ ውስጥ በዝግ መስኮት አይነድም። ቡና ከተፈላ በኋላ ፍሙን ለሙቀት ብሎ ክፍል ውስጥ ትቶ መተኛት ይገድላል፤ ከፍሙ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም።

(ሙሉ ግቢ ቪላ ለብቻ ለሚከራይ ከላይ ያለው ሁሉ ይቀልለታል፤ የጥበቃ ደመወዝ፣ የሴፕቲክ ማስመጠጫና የጣሪያ ጥገና ግን በእሱ ላይ እንዳይወድቅ ውሉ ላይ ይለይ።)

## ባጭሩ

| | ውሃ | መንገድ | ነጻነት | የተደበቀ ወጪ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ሰርቪስ | ከአከራይ ጋር የጋራ | ብዙ ጊዜ ቅርብ | ዝቅተኛ | በጋራ ቆጣሪ የሚወደድ መብራት | ብቻውን ለሚኖር፣ ለጀማሪ ሠራተኛ |
| መሀል ኮንዶሚኒየም | በፈረቃ፤ ላይኛው ፎቅ ይቸገራል | ቅርብ | ከፍተኛ | የቧንቧ ጥገና፣ ጥበቃና ጽዳት | ሁለቱም መሀል ከተማ ለሚሠሩ ጥንዶች |
| ዳር ኮንዶሚኒየም | በፈረቃ፤ እንደ ብሎኩ ይለያያል | ሩቅ | ከፍተኛ | ታክሲ፣ ራይድ፣ የጀሪካን ተሸካሚ | ሰፊ ቤተሰብ፣ ሥራው በዚያው በኩል ለሆነ |
| አፓርታማ | የተሻለ | እንደ ሰፈሩ | ከፍተኛ | የጋራ አገልግሎት፣ ናፍጣ | አቅም ላለው፣ አረጋውያን ላሉበት ቤት |

## ለማን የትኛው?

ደመወዙ ጀማሪ የሆነ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው መሀል ላይ ሰርቪስ ቢይዝ ይሻለዋል። ዳር ያለ ስቱዲዮ የሚሰጠው ነጻነት ጥሩ ነው፤ 104 ጊዜ የታክሲ ክፍያውና ድካሙ ግን ያንኑ ነጻነት ይበላዋል። ሰርቪሱን ሲይዝ የራሱ ሽንት ቤት ያለውን ይፈልግ፣ ለየክፍሉ የሚነበብ ትንሽ ቆጣሪ ይተከል ዘንድ አከራዩን ይጠይቅ።

ልጆች ያሉት ቤተሰብ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን፣ ከዚያ ቤቱን ይምረጥ። ዳር ላይ ሰፊ ቤት ይዞ ልጅን በሰርቪስ መኪና መሀል ከተማ ማመላለስ የሁለቱንም ጉዳት ነው የሚሰበስበው፤ ልጁ ከ12 ሰዓት በፊት ይቀሰቀሳል፣ ክፍያውም ከኪራይ ልዩነቱ ሊበልጥ ይችላል። ትምህርት ቤቱ እዚያው ሳይቱ አጠገብ ከተገኘ ግን ዳሩ ያሸንፋል።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለጥቂት ወራት የሚመጣ ሰው ዕቃ የተሟላለት አፓርታማ ይከራያል፤ እሱ ከኪራዩ ይልቅ ጄኔሬተሩንና ውሃውን ያጥብቅ። ጸጥታ ፈላጊ ከሆነ ደግሞ የንጋት ቅዳሴውን ወይም አዛኑን የሚያሰማው ድምፅ ማጉያ ከመስኮቱ ስንት ሜትር እንደሆነ ይይ። ያው ድምፅ ለሌላው ሰፈሩን የመረጠበት ምክንያት ነው።

## ከመፈረም በፊት

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ስድስት ወር የሚጠይቅ አከራይ አሁንም አለ። «ለግብር እንዲቀል ውሉ ላይ ዝቅ እናድርገው፣ ቀሪውን በእጅ» የሚልም አለ። በእጅ የሰጣችሁት ብር ክርክር ሲመጣ ማስረጃ የለውም፤ እንደተከፈለ አይቆጠርም።

ካርታውን ወይም የቤቱን ውል እዩ፤ ስሙን ከመታወቂያው ጋር አመሳክሩ። በውክልና የሚያከራይ ከሆነ ውክልናው ላይ «ማከራየት» የሚለው ቃል ተጽፎ ይሁን። የደላላውን ክፍያ ቤት ከማየት በፊት ተነጋገሩ፤ ቁልፍ ከተቀበሉ በኋላ ዋጋው ያድጋል።

ቁልፍ የምትረከቡበት ቀን የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ከአከራዩ ጋር አብራችሁ አንብቡ፣ ቁጥሩን በስልክ አንሱ፣ ውሉ ጀርባ ላይ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ትንሽ ብር ሙሉበት፤ የቆየ ዕዳ ካለ ሲሞላ ይቆረጣል፣ እዚያው ይታወቃል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የጥበቃና የጽዳት ውዝፍ አለመኖሩን ከብሎኩ ኮሚቴ አረጋግጡ። ከዚያ ዕቃ ሳትጭኑ በፊት የበሩን ቁልፍ ሲሊንደር ቀይሩ፤ የአሮጌው ቅጂ ከእናንተ በፊት በነበሩት ተከራዮች እጅ ሊሆን ይችላል።